ቲቢ ማክሮፌጅ ውስጥ ገብቶ እንዴት አይሞትም? እባካችሁ አስረዱኝ

ሰላም ቤተሰብ፣ ነገ ጠዋት ፈተና አለብኝ፣ አራት ኪሎ ካፌ ከተቀመጥኩ ቆየሁ ማኪያቶው ራሱ ቀዝቅዟል አንድ ነገር አልገባ ብሎኛል። ማክሮፌጅ (ጀርም የሚውጠው የሰውነታችን መከላከያ ሴል) የቲቢን ባክቴሪያ ይውጠዋል፣ እሺ፣ ከዛ የዋጠበት ከረጢት ከላይሶዞም (የሴሉ መፍጫ ከረጢት) ጋር ተገናኝቶ ሊፈጨው ሲገባ ባክቴሪያው መገናኘቱን ያግድና እዛው የገዳዩ ሆድ ውስጥ ይኖራል፣ እስከዚህ ገብቶኛል። ሲዲ4 ሴሎች (ሌሎቹን መከላከያ ሴሎች የሚረዱት) ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል መልእክት አስተላላፊ ፕሮቲን ለቀው ማክሮፌጁን እንደሚያነቁትም አንብቤያለሁ። ግን ሲነቃ ምኑ ነው የሚቀየረው? ከረጢቱ ከላይሶዞሙ ጋር መገናኘት ይጀምራል ወይስ ሌላ መግደያ አለው? ደግሞ ኤችአይቪ ሲዲ4ን ሲጨርስ ተኝቶ የነበረ ቲቢ የሚነሳው በዚህ ምክንያት ብቻ ነው? አጎቴ እንደዛ ነው የታመመው፣ ስለዚህ ለፈተና ብቻ ብዬ አይደለም። በስዕል የሚያስረዳኝ ካለ ስድስት ኪሎ ድረስ በእግሬ እመጣለሁ።