ክርክር፦ አጋች የተባለ ሁሉ ይተኮስበት?

አወያይ፦ ሰላም ቤቶች። ትናንት ማታ የተጀመረው ክርክር በየመሀሉ ስለተቆራረጠ እዚህ እንቀጥል። ላልነበራችሁ፣ ጥያቄው መንገድ ላይ ሰው የሚያግቱትን ፖሊስ ይተኩስባቸው ወይስ ይያዛቸው የሚል ነው። መነሻችን የብራዚሉ ነገር ነው። በጥቅምት 2018 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ውስጥ 2,500 ገደማ ፖሊስ ፔንያና አሌማው የሚባሉ ሰፈሮች ገብቶ ኮማንዶ ቬርሜልዮ በተባለው የወንበዴ ቡድን ላይ ዘመተ። ከ120 በላይ ሰው ሞተ፤ ከሟቾቹ መሀል ፖሊሶችም አሉ። አንዳንዶቻችሁ "ለእኛም መንገድ የሚበጀው ይሄ ነው" ብላችኋል። ስድብ የለም፣ የሰው ስም አይጠራ፣ ብሔር ውስጥ አትግቡ።

ባለ ኤፍኤስአር፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። ከደብረ ብርሃን ተነስቼ ጣርማ በርን ወርጄ፣ ደብረ ሲናን አልፌ ሸዋ ሮቢት እስክገባ ልቤ አይረጋም። ሹፌር ሲታገት ቤተሰቡ ከብቱን ይሸጣል፣ ይበደራል፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሳይቀር ይለምናል። ከፍሎም ሬሳ የተቀበለ አለ። ኤል ሳልቫዶርን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከ100,000 ሰው መሀል በዓመት ከ100 በላይ ይገደል ነበር። በ2024 ሁለት እንኳ አልሞላም። መብት መብት ሲሉ ቢከርሙ ይሄ ይመጣ ነበር?

ባጃጅ 09፦ ሁለት ሦስቱን ድፋ፣ ሌላው ይማራል። አለቀ።

የሕግ ባለሙያዋ፦ ወንድሜ፣ ጭንቀትህ ይገባኛል። ምሳሌህ ግን ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ኤል ሳልቫዶር በዋናነት ያደረገችው ማሰር ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 በአንድ ቅዳሜ 62 ሰው ሲገደልባት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀች። ከዚያ ወዲህ ከ80,000 በላይ ሰው ታስሯል። እስር ቤት የሞቱም ብዙ ናቸው፣ ንጹሕ ሥራ ነው አልልም። ግን ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው 8,000 ያህል ንጹሐን ተፈተዋል ብለዋል። ፖሊሱ ሲይዛቸው እነዚህም ወንበዴ የተባሉ ነበሩ። በየመንደሩ ተተኩሶባቸው ቢሆን ማን ነበር የሚፈታቸው?

እናት ከደብረ ብርሃን፦ እኔ ሕግ አላውቅም። በ2016 ክረምት ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የሚመለሱ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ሲታገቱ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። የእኔም ልጅ ተማሪ ናት። ተኩስ ሲከፈት አጋቹ ከፊቱ የሚያቆመው ማንን ይመስላችኋል?

ጡረተኛው ሳጅን፦ እሷ የተናገረችው ነው ዋናው። በነገራችን ላይ "እግሩን መምታት አይቻልም ወይ?" የምትሉ ሰዎች ተኩሳችሁ አታውቁም። በጨለማ የሚሮጥ ሰው እግር አይመታም፣ ሥልጠናውም ደረት ላይ ነው። ፖሊስ ከተኮሰ ሊገድል እንደሚችል አውቆ ነው። አጋቹ ክላሹን ወደ እኔ ወይም ወደ ታጋቹ ካዞረ አልለምነውም፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78ም ራስንም ሌላ ሰውንም መከላከል ይፈቅዳል። ጭቅጭቁ ክላሹን ከጣለ በኋላ ባለው ላይ ነው። እጅ የሰጠ እንደሚረሸን ካወቁ ማንም እጅ አይሰጥም። ታጋቹን ገድሎ ይዋጋል። ደግሞስ ሬሳ ቃል ይሰጣል? ገንዘቡን የሚቀበላቸው ማን ነው? የትኛው መኪና ምን እንደጫነ ከመናኸሪያ የሚደውልላቸውስ? በሪዮም ያ ሁሉ ሰው ሞቶ ዋናው ተፈላጊ አምልጧል።

ባለ ኤፍኤስአር፦ ደዋይ እንዳለ እኛም እናውቃለን ሳጅን። አንናገርም እንጂ።

ጋሼ ከመሐል ሜዳ፦ ባጃጅ ያልከው ልጄ፣ "አለቀ" አይባልም። በደርግ ጊዜ ነፃ እርምጃ፣ ያለ ፍርድ መግደል ማለት ነው፣ ተፈቅዶ ነበር። መጀመሪያ ፀረ አብዮተኛ ላይ ነው ተባለ። ውሎ ሲያድር በወሰን የተጣላ፣ በሴት የተቃቃረ ሁሉ ጎረቤቱን ያስበላ ጀመር። ሟች መልስ አይሰጥ! አባቶቻችን ከብት ሲሰረቅ፣ ሰው ሲገደል አውጫጭኝ ይቀመጡ ነበር። አገሬው ሥራ ፈትቶ ይወጣል፣ ነገሩ ሳይጣራ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም።

የሕግ ባለሙያዋ፦ ጋሼ፣ አውጫጭኝ ላይም ወገን የሌለው ሰው ይጎዳ እንደነበር እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። ለማንኛውም አንድ ነገር ልበል። በአገራችን ፍርድ ቤት ምስክር ሰምቶ፣ ይግባኙ አልፎ ሞት ቢፈርድ እንኳ ርዕሰ ብሔሩ ካላጸደቀው አይፈጸምም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 117 ነው። ይሄን ሁሉ ደረጃ ዘልሎ አንድ ተራ ፖሊስ መንገድ ዳር በአንድ ደቂቃ ይጨርሰው ነው የምትሉት? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ላይ ያለ ፍርድ መግደልን በሰው ዘር ላይ ከሚፈጸሙ ወንጀሎች መሀል ጠቅሶ በይርጋም በምሕረትም አይታለፍም ይላል። ፊሊፒንስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 ፖሊሶች አንድ የ17 ዓመት ልጅ ገድለው "ተኩሶብን ነው" አሉ። የሰፈሩ ካሜራ ግን ይዘው ሲጎትቱት አሳየ። ሦስቱ ተፈረደባቸው። ካሜራ ባይኖርስ?

ባጃጅ 09፦ እዚህ ካሜራ የለም 😂

የሕግ ባለሙያዋ፦ እኔም የምፈራው እሱን ነው። ፖሊስ ሰው በገደለ ቁጥር ከራሱ ጣቢያ ውጭ የሆነ መርማሪ ይመርምረው። ሳጅን፣ ይሄ ፖሊሱን ያሳስረዋል ይላሉ?

ጡረተኛው ሳጅን፦ በአግባቡ የተኮሰውን ያድነዋል። ሳይመረመር የቀረ ፖሊስ ዕድሜ ልኩን "ገዳይ" እየተባለ ይኖራል። የሟቹ ዘመዶችም ደሙን ይፈልጋሉ፣ የእኛን አገር ታውቂው የለ።

ባለ ኤፍኤስአር፦ እሺ፣ ይያዝ እንበል። ይያዝና በሳምንቱ በዋስ ወጥቶ ኬላው ላይ ሻይ ሲጠጣ ላየው ነው? ያን ቀን እኔ የመሰከርኩት የት ልግባ?

የሕግ ባለሙያዋ፦ ምስክር ያባብላል ወይም ሌላ ወንጀል ይሠራል ተብሎ ከታመነ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 67 ዋስትና መከልከል ይቻላል። ለምስክር ጥበቃም አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። ማንነትን መደበቅ፣ መኖሪያ መቀየር ሁሉ አለበት።

ባለ ኤፍኤስአር፦ አዋጁ ደብረ ብርሃን ደርሷል?

የሕግ ባለሙያዋ፦ ጠይቀነው እናውቃለን? ሹፌሮች ማኅበር አላችሁ። መናኸሪያ ያለውን ደዋይ የምታውቁ ሰዎች አንድ ላይ ሆናችሁ፣ ስማችሁ እንዲደበቅ በጽሑፍ ጠይቃችሁ ለዐቃቤ ሕግ ቃል ስጡ። ማመልከቻውን እኔ በነፃ እጽፍላችኋለሁ።

ባለ ኤፍኤስአር፦ ነገ ኮምቦልቻ ነኝ። ስመለስ በውስጥ መስመር አናግርሻለሁ። እዚህ ግን ስሜን እንዳትጠሪ።