ጥቆማ፦ ያልተሰማ ሙዚቃና ጥሩ ወሬ ከመጀመሪያዎቹ ፖድካስቶች

አዲስ ሙዚቃ ከየት እንደማገኝ የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። መልሴ ለብዙ ዓመት አልተለወጠም፤ ከፖድካስት ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ከሚለቀቅ፣ አውርደው ከሚሰሙት የድምፅ ዝግጅት ማለቴ ነው። በተለይ ደግሞ ከ2004 እስከ 2007 ከተጀመሩት (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው)። አንዳንዶቹ እስካሁን አሉ። ከቆሙትም ማህደራቸው የተረፈ አለ። የትኛውን፣ በምን አፕ፣ ከየት ጀምራችሁ ብትሰሙ እንደሚሻል ልጠቁማችሁ።

አስቀድሜ ግን ያ ዘመን በሙዚቃ ለምን እንደዚያ ሀብታም እንደሆነ ልንገራችሁ። ዴቭ ዋይነር የሚባል ፕሮግራመር በ2000 መጨረሻ ላይ አርኤስኤስ ፊድ (አንድ ድረ ገጽ አዲስ ያወጣውን ለተከታታዮቹ የሚያደርስ ዝርዝር) የድምፅ ፋይል እንዲይዝ አደረገ። በ2004 የሙዚቃ ቴሌቪዥን ጣቢያው የኤምቲቪ የቀድሞ አቅራቢ አዳም ከሪ ፋይሉን ራሱ አውርዶ አይፖድ (የአፕል ሙዚቃ ማጫወቻ) ላይ የሚጭን አይፖደር የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ይዞ መጣ። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ «ዴይሊ ሶርስ ኮድ» የተባለ ዝግጅቱን ጀመረ። ከዚያ በኋላ ማይክ ያለው ሰው ሁሉ ጣቢያ መክፈት ቻለ።

ያስቸገረው ዘፈኑ ነበር። ሬዲዮ ጣቢያ ለዘፈን የሚከፍለው ፈቃድ ለሚወርድ ፋይል አይሠራም፤ ፋይሉ ሰሚው እጅ ስለሚቀር እንደ ቅጂ ይቆጠራል። ያንን ፈቃድ ከትልልቆቹ አሳታሚዎች ማግኘት ቤቱ ቁጭ ብሎ ለሚቀዳ ሰው የማይታሰብ ነው። ስለዚህ አቅራቢዎቹ ፊታቸውን ወደ ገለልተኛ፣ በትልልቅ አሳታሚዎች ሥር ወዳልሆኑ ሙዚቀኞች አዞሩ። ዘፈናቸው በነፃ ተጫውቶ ስማቸው እንዲጠራላቸው ብቻ የሚፈልጉ ባንዶች ሞልተው ነበር። እንዲህ የተፈቀደ ዘፈን «ፖድሴፍ» ይባል ነበር። እነ ከሪ በ2005 ፖድሴፍ ዘፈኖችን አንድ ቦታ የሚያሰባስብ መረብም ከፍተው ነበር። መረቡ ዛሬ የለም። በእሱ በኩል የተጫወቱት ዘፈኖች ግን በየዝግጅቱ ውስጥ ተቀድተው ቀርተዋል። ማህደር ቆፍሩ የምላችሁም ለዚህ ነው።

እኔ ያኔ ኮምፒውተሩን ሳልዘጋ ነበር የምተኛው። የ40 ደቂቃ ዝግጅት ወደ 40 ሜጋባይት ይመዝናል። በዳያል አፕ፣ በስልክ መስመር በሚሠራው ቀርፋፋ ኢንተርኔት፣ ቢያንስ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ መስመሩ ከተቋረጠ ደግሞ እንደገና ከዜሮ። ጠዋት ተነስቼ ወርዶ ሳገኘው የነበረኝ ደስታ አሁንም ትዝ ይለኛል። አቅራቢው ብዙ ጊዜ ቤቱ ሆኖ ነው የሚቀዳው። ወንበሩ ሲንቋቋ ይሰማል፣ ውሻው ይጮሃል። ከዚያ ዘፈኑን ይከፍትና ዝም ይላል። ከመጀመሪያዋ ኖታ እስከ መጨረሻዋ ጣልቃ አይገባም። ሲያልቅ የባንዱን ስም ይናገራል፤ ድረ ገጻቸውን ፊደል በፊደል ይነግራል፤ አንዴ ይደግመዋል። እኔም ደብተር ላይ እጽፋለሁ፦ የባንዱ ስም፣ የክፍሉ ቁጥር፣ ደቂቃው። ያ ደብተር ዛሬም አለኝ። እስካሁን የምወዳቸው ባንዶች ግማሾቹ እዚያ ላይ አሉ።

ወደ ጥቆማው ልግባ። መጀመሪያ አፕ።

አፕ ስትመርጡ አንድ ነገር ብቻ አጣሩ። የፊድ አድራሻ በእጃችሁ ለጥፋችሁ መጨመር ትችላላችሁ ወይ? አሮጌ ዝግጅቶች በየአፑ ማውጫ ላይ ላይገኙ ይችላሉ፤ አድራሻቸውን ካወቃችሁ ግን ይከፈታሉ። በአንድሮይድ ምርጫዬ አንቴናፖድ ነው። ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ኮዱ ክፍት ነው፤ አድራሻውን ለጥፋችሁ ወዲያው ታዳምጣላችሁ። ፖኬት ካስትስ ሲያዩት የበለጠ ያምራል፤ ከስልክ ወደ ኮምፒውተር ስትዘዋወሩም ያቆማችሁበትን ያስታውሳል። አይፎን ላይ የአፕል ፖድካስትስ አድራሻ ይቀበላል። ኮምፒውተር ላይ ማውረድ ለሚወድ ጂፖደር አለ፤ ከ2005 ጀምሮ ያለ ነው፤ እንደ ድሮው ፋይሉን ፎልደር ውስጥ ያስቀምጥላችኋል። ስፖቲፋይን ለዚህ ሥራ አልመክርም። ሙዚቃ ለመስማት ጥሩ ነው፤ የራሳችሁን ፊድ ግን አያስገባም። እዚያ የሌለ ዝግጅት ለእናንተም የለም ማለት ነው።

ከሙዚቃ ዝግጅቶች መጀመሪያ የምጠቁመው «ከቨርቪል»ን ነው። በ2004 ተጀመረ፤ ከሺህ በላይ ክፍሎች አሉት። ሥራው አንድ ብቻ ነው፦ የታወቀን ዘፈን ሌላ ሰው ሲጫወተው ማሰማት። ይህ ለጀማሪ በጣም ይመቻል። ዜማውን ስለምታውቁት ጆሯችሁ ያረፈው አዲሱ ሙዚቀኛ ምን እንዳደረገበት ላይ ነው። እኔ ስማቸውን ሰምቼ የማላውቃቸውን ባንዶች የለመድኩት በዚህ መንገድ ነው። የምወደውን ዘፈን የማላውቀው እስኪመስለኝ ተለውጦ ስሰማ፣ ወዲያው የዚያን ባንድ የራሱን ሥራ ፍለጋ እገባ ነበር።

የአሜሪካው ሬዲዮ የኤንፒአር «ኦል ሶንግስ ኮንሲደርድ» ደግሞ ለየት ይላል። ቦብ ቦይለን በሬዲዮው የዜና ፕሮግራም ላይ በዘገባዎች መሀል አጫጭር ሙዚቃ ያስገባ ነበር። ሰሚዎች «ያቺ ሙዚቃ የማን ናት?» እያሉ ሲጠይቁ በ2000 ኢንተርኔት ላይ ተጀመረ፤ ፖድካስት የሆነው ኋላ ነው። ከቤት ቀጂዎቹ የበለጠ የተስተካከለ ነው፤ ድምፁም ጥርት ያለ ነው። ሁለቱን ካወዳደርኩ፣ ሰፋ ያለ ምርጫ ለሚፈልግ «ኦል ሶንግስ» ይሻላል። የአንድን ሰው ጆሮ ተከትሎ ለመሄድ ግን «ከቨርቪል»ን የሚያህል የለም። ጊዜ ለሌለው ደግሞ የሲያትሉ ኬኢኤክስፒ ጣቢያ በቀን አንድ ዘፈን የሚሰጥ ፖድካስት ነበረው። አንድ ዘፈን፣ አራት ደቂቃ፣ በቃ።

ወሬ ለሚወድ፦ አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ክሪስቶፈር ላይደን በ2003 ቃለ ምልልሶቹን ሲጀምር «ፖድካስት» የሚለው ቃል እንኳን አልነበረም። ቃሉን ጋዜጠኛው ቤን ሀመርስሊ በ2004 ዘ ጋርዲያን በተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ ላይ ነው የጻፈው። የላይደን «ሬዲዮ ኦፕን ሶርስ» ረጋ ያለ፣ ተጠያቂውን የሚያስጨርስ ጨዋታ ነው። ሌሊት ብቻችሁን ስትሆኑ ስሙት። «አይቲ ኮንቨርሴሽንስ»ም በ2003 የተጀመረ ሲሆን የቴክኖሎጂ ሰዎችን ንግግርና ውይይት ይዟል፤ ጉዳዩ አርጅቷል፣ አስተሳሰቡ ግን አላረጀም። «ዘ ዶውን ኤንድ ድሩ ሾው» በአሜሪካዋ ዊስኮንሲን ገጠር ይኖሩ የነበሩ ባልና ሚስት ቤታቸው ሆነው ያወሩት የነበረ ነው። አፋቸው አይታሰርም፤ ልጆች ባሉበት አትክፈቱት። የዘመኑን ጠረን ለማወቅ ግን ከዚህ የቀረበ አላገኘሁም። የቢቢሲው «ኢን አወር ታይም» ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ ባለሙያዎች ጠረጴዛ ከበው አንድ ርዕስ የሚያብላሉበት የሬዲዮ ዝግጅት ነው። ቢቢሲ በ2004 ዝግጅቶቹን ሰሚው እንዲያወርዳቸው መስጠትን ሲሞክር መጀመሪያ ከሰጣቸው አንዱ ነው። ማህደሩ ከሺህ ክፍል በላይ ስለሆነ፣ መቼም አይነጥፍባችሁም።

አፕል በጁን 2005 ፖድካስትን አይቱንስ በተባለው የሙዚቃ ፕሮግራሙ ውስጥ ሲያስገባ በሁለት ቀን አንድ ሚሊዮን ሰብስክሪፕሽን ተመዘገበ። ለሰሚው ትልቅ ነገር ነበር። ለትንንሾቹ አገልግሎቶች ግን ከባድ ሆነባቸው። ኦዲዮ የተባለው የፖድካስት ኩባንያ ሌላ ሥራ ፍለጋ ገባ፤ ትዊተር የተወለደው ከዚያ ቤት ነው።

ዘፈኑን ወደዳችሁት እንበል። ሙሉ አልበም ከየት ይገኛል? እዚህ ላይ ሦስት ድረ ገጾችን ብዙ ተመላልሼባቸዋለሁ። ማግናቱን በ2003 ሲከፈት አልበሙን ሙሉ አሰምቶ፣ ዋጋውን ገዢው ራሱ እንዲወስን አድርጎ ነበር። ከተከፈለው ግማሹ ለሙዚቀኛው ይሄዳል። ምርጫው ትንሽ ነው፤ ግን ተለቅሞ የገባ ነው። ክላሲካልና ረጋ ያለ ሙዚቃ ለሚወድ በጣም እመክረዋለሁ። ጃሜንዶ ተቃራኒው ነው። ሙዚቀኛው ራሱ በክሪኤቲቭ ኮመንስ፣ ባለቤቱ ሌሎች ሥራውን እንዲያካፍሉ በሚፈቅድበት ፈቃድ፣ ይጭናል፤ ብዛቱ ያስፈራል፤ ፍሬውን ከገለባው የምትለዩት እናንተ ናችሁ። ፖድካስት ላይ ስሙን የሰማችሁትን ባንድ ለመፈለግ ግን ምርጥ ነው። ኢንተርኔት አርካይቭ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ከ2002 ጀምሮ በባንዶቹ ፈቃድ መድረክ ላይ የተቀዱ ዝግጅቶችን ያስቀምጣል፤ በኢንተርኔት ብቻ የሚያሳትሙ ትንንሽ ሌብሎች (የሙዚቃ አሳታሚዎች) ሥራም አለው። ፍለጋው ትዕግሥት ይጠይቃል። አንድ ሰዓት መድቡለት።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፊድ ሁሉንም ክፍል ላያሳይ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የቅርቦቹን ብቻ ነው የሚያሳየው። የድሮዎቹን ለማግኘት ወደ ዝግጅቱ ድረ ገጽ ሂዱ፤ ድረ ገጹ ከሞተ የኢንተርኔት አርካይቭ ዌይባክ ማሽን ላይ አድራሻውን ጻፉ። የወደዳችሁትንም ወዲያው አውርዱት። እኔ በጣም የምወደው አንድ የሙዚቃ ዝግጅት ነበር፤ ፋይሎቹ የተቀመጡበት ድርጅት ሲዘጋ ወደ 90 የሚሆኑ ክፍሎች አብረው ሄዱ። ከእጄ የቀሩት 11 ናቸው። የአቅራቢውን ሳቅ የምሰማው ከእነዚያ ላይ ብቻ ነው።

ለጀማሪ፦ አንቴናፖድን ጫኑ፣ «ከቨርቪል»ን ጨምሩ፣ የሚታወቅ ዘፈን ያለበት አንድ ክፍል ምረጡና ሳትዘሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስሙት። ደብተርና እስክሪብቶ አጠገባችሁ ይሁን።

እኔም የጎደለኝ አለ። ከ2007 በፊት የተጀመረ፣ ገለልተኛ ጃዝ ብቻ የሚያሰማና ማህደሩ ያልጠፋ ዝግጅት የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ። ካላችሁ የፊዱን አድራሻም ላኩልኝ።