«ፕረዘንት ፐርፌክት ማለት 'በልቻለሁ' ነው፣ አለቀ»

ከዚራ፦ ዛሬ የወላጅ ስብሰባ ሄጄ ተናድጄ ተመለስኩ። የስምንተኛ ክፍል ልጄ «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርዴይ» ብሎ ጽፎ በቀይ እስክሪብቶ ራይት ተደርጎለታል። የእንግሊዝኛ መምህሩን ብጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ፕረዘንት ፐርፌክት ማለት በአማርኛ 'በልቻለሁ'፣ 'አይቻለሁ' ነው፣ አለቀ።» አቦ ምኑ ነው ያለቀው? ግራመር በአማርኛ አይሰጥ የምንለው ለዚህ ነው።

የሳቢያኗ፦ ምን አጠፋ? ሃቭ ሲደመር ቨርብ ስሪ፣ ሂ ሺ ኢት ከሆነ ሃዝ። እኛም እንዲሁ ተምረን ሰው ሆነናል።

ከዚራ፦ አሠራሩንማ ማን ካደ? ኢት፣ ኤት፣ ኢተን እያለ እንደ ዳዊት ይደግማል። የት እንደሚገባ ነው የጠፋው። «ትናንት አይቼዋለሁ» በአማርኛ ያምራል። በእንግሊዝኛ ግን የስተርዴይ ካልሽ ሃቭ ይወጣል፣ «አይ ሶው ሂም» ነው። «አለቀ»ን እዚያ ያምጣው።

የሽመንደፈር ልጅ፦ አማርኛን ብቻ አትክሰስ። አባቴ የባቡር ሰው ነበር፣ በፈረንሳይኛ «ዤ ማንዤ ዬር»፣ ትናንት በልቻለሁ፣ ሲል ነው ያደግኩት። ፈረንሳይ ሃቩንም ትናንትንም አንድ ፉርጎ ላይ ይጭናል።

ገንደቆሬ፦ ፈረንሳይኛው ደግሞ ከየት መጣ! ባቡሩ ከቆመ ስንት ዘመኑ።

የሽመንደፈር ልጅ፦ አዲሱ ይሄዳል አቦ። ጣቢያው ድረስ ያለው መንገድ ነው የሚገድለን።

ለገሃሬ፦ ወደ ነገሩ። ቢሮ እያለሁ ፈረንጅ ደውሎ አለቃዬን ፈለገ። ሰውዬው ሐረር ነው። «ሂ ሃዝ ቢን ቱ ሃረር» አልኩት። «ጉድ፣ አገናኘኝ» አለና ስልኩን ይዞ ቁጭ። ለካስ ሄዶ ተመልሷል ነው ያልኩት። እዚያው ካለ «ሃዝ ጎን» ነበር።

መጋላ፦ ይኸው። እኔ አስተምራለሁ፣ በአማርኛ ነው የማስረዳው፣ አላፍርም። «ሐረር ሄዷል» ሃዝ ጎን። «ሐረር ሄዶ ያውቃል» ሃዝ ቢን። «ድሬ መኖር ከጀመርኩ 5 ዓመቴ ነው» ደግሞ «አይ ሃቭ ሊቭድ» ብለህ ፎር ፋይቭ ይርስ ትጨምራለህ። እኛ በሦስት መንገድ የምንለውን እንግሊዝ በአንድ ሃቭ ያስረዋል። ሦስተኛውን በቁሙ «5 ዓመት ኖሬያለሁ» ብለህ ከተረጎምከው ድሬን ለቀህ የወጣህ ይመስላል። መምህሩ አንዱን ይዞ «አለቀ» ማለቱ ነው ጥፋቱ፣ አማርኛው አይደለም።

የሳቢያኗ፦ ከዚራ ሰማህ? በአማርኛ ሲነገርህ ነው የገባህ።

ከዚራ፦ እኔ ድሮም ገብቶኛል!

ገንደቆሬ፦ «ገብቶኛል» ፕረዘንት ፐርፌክት ነው? 😂

ከዚራ፦ አለቀ።

አፈተኢሳ፦ አሜሪካኖቹ «እስካሁን በልተሃል?» ለማለት ሃቩን ትተው «ዲድ ዩ ኢት የት» ይላሉ እኮ። ፊልም አታዩም? ልጁ በማን እንግሊዝኛ ነው የሚታረመው?

መጋላ፦ «የት» እና «የስተርዴይ» ምን አገናኛቸው? አሜሪካኑም «ሃቭ ሲን ሂም የስተርዴይ» አይልም።

ጁገል፦ ለምንድነው ምሳሌው ሁሉ ሐረር የሚሄደው?

ለገሃሬ፦ ሲሞቀን የት እንሂድ?

ጁገል፦ ስትመጡ ደስ ይለናል፣ ስትመለሱ ደግሞ የበለጠ።

ከዚራ፦ ወሬውን ተዉትና ልጄን ምን ልበለው? ራይቱን ላጥፋው?

የሳቢያኗ፦ ማርኩን እንዳትነካበት ወላሂ!