አሸዋ ውስጥ የተኛው ወጣት እንዴት ሳይበሰብስ ቀረ?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ናችሁ? ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ገብቼ ነበር። ያን ሁሉ ያጌጠ የሬሳ ሣጥን አልፌ ቆሜ የቀረሁት አንዲት ትንሽ ጉድጓድ ጋ ነው። ከላይኛው ግብፅ፣ ከገበሌን የመጣ ወጣት በግራ ጎኑ ተኝቷል። ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ፣ እጆቹን ፊቱ ጋ አድርጎ። ቀላ ያለ ፀጉሩ ሳይቀር አለ። ከሞተ ከ5,000 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሆድ ዕቃውን ያወጣለት ባለሙያ የለም። ታዲያ እንዴት ቆየ?

መልስ፦
እህቴ፣ ያቆየው አሸዋው ነው። እንዲህ ያለው ጉድጓድ ጥልቅ አይደለም። የሚቆፈረውም የዓባይ ጎርፍ የማይደርስበት በረሃ ላይ ነው። ትኩስና ደረቅ አሸዋ ገላውን ነክቶ እርጥበቱን ይመጠዋል።

በኋላ ባለጸጎቹ ጉድጓዱን በጭቃ ጡብ ገነቡት፣ ጣሪያ አለበሱት፣ ላዩ ላይ ማስታባ የሚባል የመቃብር ሕንፃ ሠሩ። ቃሉ ዓረብኛ ነው፣ መደብ ማለት ነው። ቅርጹም ቁርጥ መደብ! ሬሳው ግን ሣጥን ውስጥ ገብቶ ከአሸዋው ተለየ፣ በሰበሰ። ስለዚህ ናትሮን በሚባል ጨው ማድረቅ መጣ። በኋለኛው ዘመን ከሞት እስከ ቀብር 70 ቀን ይፈጅ ነበር። ለክብሩ የተሠራለት ቤት ገላውን አሳጣው ማለት ነው፤ እኔን ሁሌም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

ሌላ መልስ፦
ጥሩ ብለሃል፤ ግን ሁሉንም ለአሸዋው አንስጠው። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ላይኛው ግብፅ ውስጥ ሞስታገዳ በሚባል ቦታ ከተገኙ መቃብሮች የወጣ የመግነዝ ጨርቅ መርምሮ ነበር። የጥድ ሙጫና የእንስሳት ስብ ተገኘበት። ይህ ከመጀመሪያው ፒራሚድ ብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው። ሰዎቹ ቀድሞውንም ለሬሳው ይጨነቁ ነበር።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ክንዱን አይተሽዋል?

ጠያቂዋ፦
አዎ፣ ጠቆር ያለ ነገር አለበት። እድፍ መስሎኝ አለፍኩት።

ሌላ መልስ፦
ብዙዎችም እንዳንቺ አልፈውታል። በ2018 እ.ኤ.አ. በኢንፍራሬድ ካሜራ ሲታይ ንቅሳት ሆኖ ተገኘ፦ አንድ የዱር በሬና አንድ ባለ ትልቅ ቀንድ የበረሃ በግ። ከዚያ በፊት በ2012 እ.ኤ.አ. በሲቲ ስካን ሲታይ ደግሞ ከጀርባው፣ ግራ ትከሻው ሥር መወጋቱ ታወቀ። ሲሞት ከ18 እስከ 21 ዓመት ቢሆነው ነው።

ጠያቂዋ፦
ውይ! ከጀርባው? እኔ እኮ እንቅልፍ የወሰደው ነበር የመሰለኝ። ተመልሼ ሄጄ ክንዱን አየዋለሁ።