ካች፣ ትራፕ፣ ስኔር፣ ካፕቸር… ሁሉም «ያዘ» ናቸው?

መምህርት ከዳንግላ

ሰላም ለሁላችሁ። ዳንግላ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ሰሞኑን ተማሪዎቼን ስለ ጣና ዓሣ አጥማጆች አንድ አንቀጽ ጻፉ ብያቸው ነበር። ግማሹ ክፍል «ፊሸርመን ትራፕ ፊሽ» ብሎ አመጣልኝ። ከየት እንዳመጡት ይገባኛል፤ ዓሣ አጠመደ እንላለን፣ መዝገበ ቃላቱ ደግሞ አጠመደ ማለት ትራፕ ነው ይላቸዋል። «እዚህ ቦታ ካች ነው የሚሻለው» ብዬ አረምኩት። አንዷ ተነሥታ «ቲቸር፣ መረብ ወጥመድ አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ በጥሩ መልስ ልመልስላት እፈልጋለሁ። ካች፣ ትራፕ፣ ስኔር፣ ካፕቸር፣ ሲዝ፣ ግራብ… መዝገበ ቃላቱ ሁሉንም «ያዘ» እያለ ያልፋቸዋል። ልጆቹ በቃላቸው ከሚሸመድዱት በሚያውቁት ነገር ቢያዩት ደስ ይለኛል። እናንተ እንዴት ነው የምታስረዱት?

ጣና ዳር

ሰላም መምህርት። ባሕር ዳር ነኝ፣ ውሎዬ ከዓሣ አጥማጆች ጋር ነው፣ እንግዳ ሲመጣም አስተረጉማለሁ። ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ከኔ አመስግኑልኝ።

ካች ውጤቱን ነው የሚነግርዎት። ዓሣው እጅ ገባ፣ በቃ። በመንጠቆ ይሁን በመረብ ካች አይጨነቅም። ትራፕ ግን መሣሪያ ይጠራል፣ ያውም ሰውየው ሳይኖር የሚሠራ መሣሪያ። አስቀምጦት ይሄዳል፣ እንስሳው ራሱ ይገባበታል፣ መውጫው ይጠፋዋል። ስለዚህ «ትራፕ ፊሽ» የሚለው ጭራሽ የማይባል አይደለም፤ ግን እንግሊዝኛ ተናጋሪው ሲሰማው ዓሣው ገብቶ የሚቀርበት ቅርጫት ነገር ነው የሚታየው።

መረቡ እንግዲህ መሃል ላይ ነው ያለው። እዚህ ጣና ላይ በብዛት የሚጣለው ጊልኔት የሚባለው ነው። ናይለኑ ከሞተር ጀልባ ጋር የገባው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። ማታ ውኃው ውስጥ እንደ መጋረጃ ይዘረጋል፣ ጠዋት ይነሣል። ዓሣው ክሩን አያየውም። ራሱን ያሾልካል፣ ወፈር ያለው አካሉ ጋ ሲደርስ ቀዳዳው ይጠበዋል፣ ልመለስ ሲል ክሩ ስንጥቡ ማለትም መተንፈሻው ሥር ይገባና እዚያው ይቀራል። ጊል ማለት ስንጥብ ነው፣ የመረቡም ስም ከዚያ ነው። ሰውየው ቤቱ ተኝቶ ነው ይሄ ሁሉ የሚሆነው፣ ስለዚህ በሥራው ከወጥመድ አይለይም፣ ልጅቷም ያየችው እሱን ነው። ግን እንግሊዝኛው መረብን በራሱ ስም ይጠራዋል፤ «ኮት ኢን ኤ ኔት» ይላል፣ መረብ ውስጥ ተያዘ ማለት ነው፣ ኮት የካች ኃላፊ ጊዜ ነው። ዓሣ ፍለጋ የጠለቀ ወፍ ክሩ ክንፉ ላይ ተጠማጥሞበት ሲገኝ ደግሞ ኢንታንግልድ ነው፣ የሚጠራው መተብተቡን ነው።

አንድ ቃል ልጨምር፦ ኢንተርሴፕት። ነጩ ዓሣ ክረምት ላይ ለመራባት ከሐይቁ ወደ ወንዝ ይወጣል። ግልገል ዓባይ ሐይቁን በሚገባበት አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋ ሰው ዓሣውን መንገድ ላይ ጠብቆ ነው የሚያስቀረው። ኢንተርሴፕት ማለት ይኼ ነው። ዕንቁላሉን ያልጣለ ዓሣ ነው የሚወሰደው፣ ነጩ ዓሣ እንዲህ ለመሳሳቱ አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ይህን ቃል ሲያስተምሩ እባክዎ ነገሩንም ይንገሯቸው።

የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውኃ ላይ ሲበተን ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል። እሱ ስታን ነው፣ ወይም ፖይዘን። ካች የሚመጣው ሲለቀም ነው።

የቡሬ ልጅ

ስኔርን ለኔ ተዉልኝ፣ ልጅነቴ እሱ ላይ ነው ያለቀው። ቆቅ የምናጠምደው በፈረስ ጭራ ነበር። ፀጉሩን ገመድ አድርገህ ትሠራዋለህ፣ ጫፉን ሸምቀቆ ታደርገዋለህ፣ ማታ ማታ ቆቋ ከእህሉ ወደ ቁጥቋጦው የምትመለስባትን ቀጭን መንገድ ታያለህ፣ እዚያ ላይ ችካል ቸክለህ ታስረዋለህ። ሸምቀቆው በአንገቷ ቁመት ልክ መሆን አለበት። ከፍ ካለ ሥሩ ታልፋለች፣ ዝቅ ካለ ትረግጠዋለች። ከገባች ግን መጎተት ትጀምራለች፣ በጎተተች ቁጥር ይጠብቃል። ስኔር የሚለው ቃል ይሄን ሸምቀቆ ብቻ ነው የሚጠራው። የሚይዛት የራሷ ጉልበት ነው። አሽክላ የሚለው የኛ ቃል ለሱ ይቀርበዋል። ስኔር ሁሉ ትራፕ ነው፤ የአይጥ ወጥመድ ግን ትራፕ እንጂ ስኔር አይደለም፣ አፉ የተሸፈነ ጉድጓድም እንደዚያው። ሰው በዕዳ ወይም በውሸት እየተጎተተ ሲገባና ልውጣ ባለ ቁጥር ሲጠብቅበትም ኢንስኔርድ የሚሉት ከዚሁ ነው።

መምህርት፣ ልጆቹን አንድ ነገር አስጠንቅቂያቸው። «ፈንጂ አጠመደ» ትራፕ አይባልም፣ ሌይ ወይም ፕላንት ነው። «በሬ ጠመደ»ማ ዮክ ነው። ገበሬው በሬዎቹን ትራፕ አደረገ ብለው ከጻፉ በሬዎቹ ጉድጓድ ገብተዋል ማለት ነው።

ማርቆስ ሰፈር

ደብረ ማርቆስ ሰነድ ነው የምተረጉመው። ጣና ዳር ጥሩ ብለሃል፣ ግን ካች ውጤት ብቻ ነው ያልከው አይዋጥልኝም። ካች እና ቼዝ ከአንድ የፈረንሳይኛ ግንድ የወጡ ናቸው፤ ካች ውስጥ አሁንም ማሳደድ አለ። ሌባ ካች ይደረጋል፣ አውቶቡስም ካች ይደረጋል፣ ሁለቱም ሊያመልጡ ነበርና ተደረሰባቸው። ኳስም ሲቀለብ ካች ነው፣ ሊያልፍ ነበርና። በእጅህ የያዝከው ዱላ ግን ካች አይደለም፣ ሆልድ ነው።

ካፕቸር ሌላ ነው። የሚዋጋህን በኃይል በእጅህ ማድረግ ነው፣ ከዚያም በእጅህ ይቆያል። ለኛ ጎጃሞች ምሳሌው ቅርብ ነው፤ በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በምኒልክ ጦር ተማረኩ። እንግሊዝኛው «ካፕቸርድ» ነው። «ኮት» ብትለው ንጉሡን የሸሸ ሌባ ታስመስላቸዋለህ። ማረከ የሚል ቃል ያለን ሰዎች ነን፤ ካፕቸርን ያዘ ብሎ መተርጎም ቃል ማባከን ነው።

ሲዝ ድንገትና በኃይል ነው። ወረቀት ላይ ሲመጣ ግን ሕግ ይሆናል፣ ፖሊስ የኮንትሮባንድ ዕቃ ሲዝ ያደርጋል፣ ሰውየውን ደግሞ አሬስት። ዲቴይን ለጊዜው ማቆየት ነው፣ ገና ያልተከሰሰም ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሦስቱን «ያዘ» ብሎ ያለፈ ተርጓሚ ሰው ይጎዳል፣ ቀልድ አይደለም።

ግራብ ላፍ ማድረግ ነው፣ ስናች መመንተፍ። በዚህ ላይ ብዙ አትድከሚ፣ በእጅሽ ስታሳያቸው ይገባቸዋል።

መምህርት ከዳንግላ

እግዜር ይስጥልኝ! የቆቋን ሸምቀቆ ሰኞ ክፍል ውስጥ በገመድ ሠርቼ አሳያቸዋለሁ። መረቡንም ለዚያች ልጅ በስንጥቡ አስረዳታለሁ።

አንድ ቀርቶኛል። «ጉንፋን ያዘኝ» የሚለውን «ኤ ኮልድ ኮት ሚ» ብለው ይጽፋሉ። «ዝናብ ያዘኝ»ንም እንዲሁ። አንዳንዱ ደግሞ «ትራፕድ» ያደርገዋል።

ጣና ዳር

በኛ ያዡ ጉንፋኑ ነው፣ በእነሱ ያዡ ሰውየው ነው። «አይ ኮት ኤ ኮልድ»። ምክንያት አይፈልጉለት መምህርት፣ እንዳለ ይያዙት። ዝናቡ ላይ «አይ ወዝ ኮት ኢን ዘ ሬይን» ይበሉ፣ ሳያስበው ደረሰበት ማለት ነው፣ እየሮጠ ቤቱ መግባት ይችላል። ትራፕድ መውጫ ለሌለው ሰው ነው።

ማርቆስ ሰፈር

የዓባይ በረሃን መንገድ ስጫቸው፣ ሁሉም ያውቁታል። ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወረድ መኪና ተበላሽቶ መንገዱ ቢዘጋ ተሳፋሪው ስታክ ነው፤ ወርዶ በእግሩ መሄድ ይችላል፣ ቢደክመውም። መኪናው ተገልብጦ የሾፌሩ እግር ጋቢናው ሥር ቢቀር ትራፕድ ነው፣ ሌላ ሰው ካላወጣው አይወጣም። ፈተና ላይ ሁለቱን አንድ ላይ ያመጧቸዋል፣ ስለዚህ ልዩነቱን ጠበቅ አድርገሽ አስተምሪያቸው።