የ12ኛ ክፍል ምረቃ የት ይደረግ? 180 ተመራቂ፣ አራት ሐሳብ፣ አንድ የተጨነቀ ኮሚቴ

ጥያቄ

የተመራቂ እናት (ሳሪስ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ዘንድሮ፣ በ2018፣ 12ኛ ክፍልን ይጨርሳል። የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አስተያየት ብሰጥ የምረቃ ኮሚቴው ጸሐፊ አደረጉኝ። አዳራሽ መፈለጉም የኔ ሥራ ሆነ።

ትምህርት ቤታችን የግል ነው፤ ተመራቂዎቹ 180 ናቸው። ከአንድ ተማሪ 4,000 ብር እንዲሰበሰብ ተወስኗል። ጋዋኑ፣ መጽሔቱ፣ ፎቶና ቪዲዮው ግማሹን ስለሚወስዱ ለአዳራሽ፣ ለድምፅና ለመስተንግዶ 360,000 ብር ገደማ ይቀረናል።

ገሚሱ ወላጅ ቦሌ አካባቢ ሆቴል ይሁን ይላል። ከአንዱ ፕሮፎርማ አምጥቼ ነበር፤ ለአንድ ሰው ከነቡፌው 1,000 ብር ይላል፣ አጠገቡ ሁለት የመደመር ምልክት አለበት። ሌሎቹ እዚሁ ሳሪስ ሕንፃ ላይ፣ አምስተኛ ፎቅ ያለ የሠርግ አዳራሽ አግኝተዋል፤ 600 ሰው ይይዛል ተብለናል። ርእሰ መምህሩ ግቢያችን ምን አለው ባይ ናቸው። ተማሪዎቹ ደግሞ ከሚሊኒየም አዳራሽ በታች አንወርድም ብለዋል።

ቀኑም ገና አልተቆረጠም። ከብሔራዊ ፈተናው በፊት ይሻላል ወይስ በኋላ? ያለፋችሁበት ሰዎች ምን ትላላችሁ?

መልሶች

በባንኬት ሥራ የቆየ፦

እህቴ፣ ከአዳራሹ በፊት ሰው ቁጠሪ። 180 ተመራቂ እያንዳንዱ አራት ሰው ቢያስከትል 720 ነው፤ ከራሳቸው ጋር 900። መምህራንና የክብር እንግዶች ሲጨመሩ 950 ያዢ። አራት ያልኩትም በልኩ ለሚጠራ ቤተሰብ ነው፤ አክስትና ጎረቤት ሳይጠራም ይመጣል።

እንግዲህ አምስተኛ ፎቁ ከዝርዝሩ ይውጣ። "600 ይይዛል" ሲሉሽ በምን አቀማመጥ እንደሆነ ጠይቂ። ወንበር ብቻ ተደርድሮ 600 የሚይዝ ቦታ፣ ክብ ጠረጴዛ ገብቶበት፣ መድረክና የተመራቂ መተላለፊያ ሲተውለት ግማሹን ቢይዝ ነው። አዳራሽ አከራይ ሁልጊዜ ትልቁን ቁጥር ነው የሚነግርሽ፤ እኔም ስሠራ እንደዚያው ነበር የምናገረው።

ሁለቱ የመደመር ምልክቶች አንዱ የአገልግሎት ክፍያ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ 10 በመቶ። ሁለተኛው ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው፣ 15 በመቶ፤ እሱም የሚሰላው የአገልግሎት ክፍያው ከተደመረ በኋላ ነው። ስለዚህ 1,000 የተባለው መጀመሪያ 1,100፣ ቀጥሎ 1,265 ብር ይሆናል። በ950 ሰው አባዢው፤ ከ1.2 ሚሊዮን ብር ያልፋል። እጃችሁ ላይ ያለው ደግሞ ለአንድ ሰው ሲካፈል 380 ብር እንኳ አይሞላም፣ ያውም አዳራሹንና ድምፁን ጨምሮ። በዚህ ሒሳብ ምሳ የሚባለውን ከፕሮግራሙ ካላወጣችሁ ሆቴል አትግቡ። ውኃ፣ ለስላሳና ቁራሽ ኬክ ይበቃል። ዳቦ ቆርሶ መመረቅም ያምራል፣ ወጪውም ትንሽ ነው።

ሚሊኒየም አዳራሽ ለ2000 ዓ.ም. በዓል፣ በሺዎች ለሚቆጠር ሕዝብ የተሠራ ነው። ኮሌጆች እዚያ የሚያስመርቁት ተመራቂያቸው ስለሚበዛ ነው። 950 ሰው አንድ ጥግ ላይ ተቀምጦ የቀረው ባዶ ሲሆን ፎቶው ራሱ ቅር ያሰኛል። ልጆቹን አስረጇቸው፣ ይገባቸዋል።

ያልተነሣ አንድ አማራጭ ልጨምር። ወንበሩ የተተከለ፣ ወለሉ ወደ መድረኩ የሚያዘቀዝቅ የቴአትር አዳራሽ ለምረቃ ተስማሚ ነው፤ ኋላ የተቀመጠችውም አያት ታያለች። ብሔራዊ ቴአትርን፣ የማዘጋጃ ቤቱን የቴአትርና ባህል አዳራሽ ጠይቁ። ቅዳሜና እሁድ የራሳቸው ትርዒት ስለሚኖር የሥራ ቀን ነው የምታገኙት። መብላት ግን የለም፤ ለናንተ በጀት እሱም በጎ ነው።

የሰፈር ልጅ፦

ግቢያችሁ ውስጥ አድርጉት። ልጆቹ 12 ዓመት የተማሩበት ቦታ እያለ ለሁለት ሰዓት ፕሮግራም ቀብድ ይዞ መዞር ምንድነው?

ሳውንድ የማከራይ፦

እትዬ፣ ግቢው ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን ሰኔ መሆኑን አይርሱ። ሜዳው ሣር ይሁን አስፋልት ቀድመው ይዩት። ጭቃ ከሆነ ድንኳን ብቻ አይበቃም፣ ከሥሩ ጣውላ ወይም ምንጣፍ ይፈልጋል። ያለዚያ የተከራያችሁት ጋዋን ጫፉ ጭቃ ይዞ ይመለስና ቅጣት ያስከፍላችኋል።

ከዝናቡ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። የትምህርት ቤት ሁለገብ አዳራሽ ብዙ ጊዜ ኮርኒስ የለውም። ዝናብ ሲወርድ ያለኝን ስፒከር ሁሉ ብደረድር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለ ሰው አይሰማም። ስለዚህ ፕሮግራሙን ጠዋት ያድርጉት። የአዲስ አበባ የክረምት ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት ነው። ከጠዋቱ 2:30 ላይ ጀምረው እስከ 5:00 ከጨረሱ የመትረፍ ዕድልዎ ሰፊ ነው።

መብራትስ? "ጄኔሬተር አለን" የሚል አከራይ ሁሉ ጄኔሬተሩ ምን ምን እንደሚያነሣ አይናገርም። አንድ አዳራሽ ውስጥ ስሠራ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ተነሣ፣ አምፖሉ በራ፣ የኔ ሚክሰርና ስክሪኑ የተሰኩበት መስመር ግን አልተገናኘም። ተመራቂ ስሙ ሊጠራ መድረክ ላይ ቆሟል። ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት "ቆጣሪውን አጥፉትና አሳዩኝ" ይበሉ። አያፍሩ።

ስም ሲጠራ ለአንድ ልጅ 15 ሰከንድ ቢይዙ 180 ልጅ 45 ደቂቃ ይፈጃል። ንግግሩን ሲያሳጥሩ ይህን አስበው ነው። ስም ጠሪው የክፍል ኃላፊው መምህር ይሁን፤ ተጋብዞ የሚመጣ የመድረክ መሪ የልጆቹን ስም ያበላሻል፣ ወላጅም ይቀየማል።

መምህር ነኝ (አዳማ)፦

ቀኑን በተመለከተ። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እንደሚሰጥ ታውቃላችሁ። ተማሪው ጓዙን ይዞ ይገባል፣ ማኅበራዊና ተፈጥሮ ሳይንስም በተለያየ ዙር ነው የሚፈተኑት። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። በሁለቱ ዙር መካከል ምረቃ አይታሰብም። ከፈተና በኋላ ካላችሁ ሁለተኛው ዙር ካበቃ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቆዩ፤ ያ ደግሞ ሐምሌ ነው፣ ዝናቡ የሚበረታበት።

እኔ ከፈተናው ሦስት አራት ሳምንት ቀደም ብሎ እደግፋለሁ። ልጆቹ አብረው ናቸው፣ ክፍለ ሀገር የሚሄደውም አልሄደም። ከዚያ ከቀረበ ግን ለልምምድና ለልብስ የሚጠፋው ጊዜ ከጥናታቸው ላይ ነው የሚቀነሰው።

ሌላም አለ። ዘንድሮ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ስለሆነ የሰኔ ጾም ግንቦት 24 ይገባል፤ የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው። ከፋሲካ እስከ ጾሙ መግቢያ አዳራሽ ሁሉ በሠርግ የተያዘ ነው። ጾሙ ከገባ በኋላ የኦርቶዶክስ ሠርግ ስለማይኖር አዳራሾች ይፈታሉ፣ ዋጋ ላይም ይነጋገራሉ። ኮሚቴዎች ይህን ለምን እንደማይጠቀሙበት አይገባኝም። ኬኩ የጾም ይሁን፤ ያ ብቻ ነው ጣጣው። ዓርብ ከሆነ ደግሞ ከጁምዓ ሶላት በፊት ይለቅ።

ቆጥቋጣ አባት፦

ውጤት ሳይመጣ ጋዋን መልበስ ከመቼ ወዲህ ነው? በ2015 ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ናቸው። 720,000 ብር ሰብስቦ ከመጨፈር ለማጠናከሪያ ትምህርት ቢውል አይሻልም?

የተመራቂ እናት (ሳሪስ)፦

ጋሼ፣ ስጋትዎ የኔም ስጋት ነው፤ ልጄን ማታ ማታ የማስጠናው ለዚህ ነው። ግን 12ኛን መጨረስና ዩኒቨርሲቲ መግባት ሁለት ነገር ነው። ውጤቱ ከመጣ በኋላ ብናደርገው ያለፈው ሊመረቅ፣ ያላለፈው ቤቱ ሊቀመጥ ነው? እሱን ቀን ማየት አልፈልግም።

ቆጥቋጣ አባት፦

ይሁን። ገንዘቡን ግን ቀንሱት። 4,000 ብር መክፈል አቅቶት ዝም ያለ ወላጅ መኖሩ አይቀርም፤ ልጁ ደግሞ ያን ቀን አመመኝ ብሎ ይቀራል።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች፦

እኔ የማውቀው የሜሪላንዱን ነው። የሞንትጎመሪ አውራጃ ትምህርት ቤቶች አንዳንዶቹ ዋሽንግተን ያለው ኮንስቲቲውሽን ሆል ያስመርቃሉ፣ ወደ 3,700 ወንበር ያለው የድሮ አዳራሽ ነው። አንድ ቀን ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተራ በተራ ሊገቡበት ይችላሉ። ለእያንዳንዱ ተመራቂ የተወሰነ ቲኬት ይሰጠዋል፤ ያለ ቲኬት አያትም ብትሆን አትገባም። ምግብ የሚባል ነገር የለም። ስም ይጠራል፣ ቆብ ይወረወራል፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ያበቃል። ድግሱ የየቤቱ ነው፤ የኛ ሰው እንደሆነ ዶሮውን ከዋዜማው ሠርቶ ነው የሚሄደው።

ድግሱን ከምረቃው ብትለዩት የምትከራዩት ወንበርና ድምፅ ብቻ ይሆናል። ወጪው የሚወርደው እዚያ ላይ ነው።

እናቴን በዊልቸር የማመላልስ፦

አምስተኛ ፎቁ ስለ ጥበቱ ብቻ አይደለም መቅረት ያለበት። ሊፍቱ ስንት ሰው ይይዛል? ስድስት ሰው የሚይዝ ሊፍት እንግዳውን ሁሉ ሲያወጣ ግማሽ ቀን ነው፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ እናቴ ፕሮግራሙን ከምድር ቤት ሆና ነው የምታዳምጠው። የቴአትር አዳራሽም ደረጃ አለውና በየትኛው በር ያለ ደረጃ እንደሚገባ ጠይቁልን። መድረኩ ራሱ ስንት ደረጃ እንዳለው እዩ፤ ረጅም ጋዋንና አዲስ ተረከዝ ጫማ ያደረገች ልጅ የምትወጣበት ነው። መጸዳጃ ቤትም እዩ፤ ውኃ በሌለበት ሰዓት ሄዳችሁ።

መኪና ማቆሚያውንም አትርሱ። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ መንገድ ዳር ማቆም አይታሰብም። ግቢ ውስጥ ቦታ ከሌለ በጥሪ ወረቀቱ ላይ "በራይድ ወይም በታክሲ ኑ" ብላችሁ ጻፉ።

የተመራቂ እናት (ሳሪስ)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ከርእሰ መምህሩ ጋር ተነጋገርኩ። ሆቴሉና አምስተኛ ፎቁ ወጥተዋል። የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ሰኔ መጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ በድንኳን፣ ወይም በሥራ ቀን የቴአትር አዳራሽ። ግቢያችን ጎኑ አስፋልት ስለሆነ ጭቃው አያሰጋም። ሁለት ነገር ልጠይቅ። ለአንድ ተመራቂ አራት ቲኬት ብንል ወላጅ አይጮህብንም? ለአዳራሹ ቀብድ ከፍለን የፈተናው ቀን ቢቀየርስ?

በባንኬት ሥራ የቆየ፦

ይጮሃል፤ ግን ከበር ላይ ጩኸት አሁን ያለው ይሻላል። ቲኬቱን በቁጥር አሳትሙ፣ ለመጀመሪያ ዙር ሦስት ሦስት ስጡ። የቀረውን ኮሚቴው ጋ ያዙትና ብዙ ቤተሰብ ላለው በጥያቄ አድሉ። ሁለት ሰው ብቻ የሚያመጣ ተማሪ ትርፉን ይመልስ። መንታ ልጆች ካሏችሁ የሁለቱም ቲኬት ለአንድ ቤት ስለሚሄድ ከዚያ ትርፍ ይገኛል።

ቀብዱን በተመለከተ ውሉ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር አስገቢ፤ "የብሔራዊ ፈተናው መርሐ ግብር ከተቀየረ ቀብዱ ሳይቀነስ ወደ ሌላ ቀን ይዛወራል" የሚል። በቃል እሺ ያለሽን ሁሉ እንዲፈርም አድርጊ። የመግቢያ ሰዓትም ይጻፍ። ማስጌጥና ድምፅ መሞከር ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይፈልጋል፤ ከናንተ በፊት ሌላ ፕሮግራም ካለ ያን ሰዓት አታገኙትም።

ሳውንድ የማከራይ፦

ግቢውን ከመረጡ ድንኳኑ ከዋዜማው፣ ዓርብ ከሰዓት ይተከል፤ ዘበኛም ይደርበት። የጄኔሬተሩን ነዳጅ ማን እንደሚችል አሁኑኑ ይስማሙ፤ እኛ አከራዮች ማሽኑን እንጂ ናፍጣውን አንጨምርም።