የእንፋሎት ራዲያተሬ ነት አልፈታ አለኝ

ወገኖች፣ የማሞቂያ ሥራ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። የምንኖረው ቦስተን፣ የድሮ ቤት ውስጥ ነው። ማሞቂያው ባለ አንድ ቧንቧ ነው፤ እንፋሎቱ በገባበት ቧንቧ ውሃው ይመለሳል።

የልጆቹ ክፍል ራዲያተር (እንፋሎት ገብቶበት ክፍሉን የሚያሞቀው ብረት) ግማሹ ብቻ ይሞቅ ነበር። ሌሊት ቧንቧው በመዶሻ እንደተመታ ይጮኻል፤ ልጆቹ እየደነገጡ ይነቁ ነበር። የአየር ማስወጫውን ቀየርኩ። ውሃው እንዲመለስ ራዲያተሩ ወደ ቫልቩ (የእንፋሎቱ መክፈቻና መዝጊያ) እንዲያዘነብል ከሥሩ እንጨት አስገባሁ። ጩኸቱ ቀነሰ። አሁን ግን ራዲያተሩ ራሱ ተሰንጥቆ ያንጠባጥባል፤ መቀየሩ ግድ ሆነ።

ያስቸገረኝ ቫልቩን ከራዲያተሩ ጋር የሚያያዘው ትልቁ ነት ነው። ቦይለሩን (ውሃውን የሚያፈላውን) አጥፍቼ፣ ዘይት ቀብቼ አሳድሬ፣ በሁለት የቧንቧ መፍቻ ታገልኩት። ንቅንቅ አላለም። በኃይል ብጠመዝዘው ከወለሉ ሥር ያለው ቧንቧ እንዳይሰበር ፈራሁ። ነቱን ልቁረጠው? ከቆረጥኩትስ ቫልቩንም አብሬ ልቀይር?